ሁለት ሲሊንደር፣ አንድ የጡት ልጅ

በአንድ ወቅት፣ በወሎ ምድር ገደል በከበበው ሐይቅ ዳር፣ እናት አባት የሞቱባቸው ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ይመር፣ አራጋውና ሙሄ። ሐይቁን ሲያጠኑ ከርመው የሄዱ ሰዎች፣ ጠላቂ ውሃ ውስጥ የሚተነፍስባቸውን ሁለት የአየር ሲሊንደሮች ከነመሙያ ሞተራቸው ትተውላቸው ነበር። አንዱ ብረት፣ አንዱ አሉሚንየም።

ታዲያ የእትዬ ትሁነኝ አንድያ ልጅ፣ ሸጋው፣ መረብ ሊጥል ወጥቶ ሰጠመ። አስከሬን ሳይገኝ ድንኳን አይተከል፣ ለቅሶ አይቀመጡ ነገር! እናት ውሃው ዳር ሆነው፣ «ልጄን ያወጣልኝን ሰው ማር በጣቴ አቅምሼ የጡት ልጄ አደርገዋለሁ» ብለው በአገር ፊት ማሉ። ወንድማማቾቹ «እናቴ» ብለው ከተጣሩ ሰባት ዓመት አልፏቸዋልና ሦስቱም አብዝተው ተመኙት።

ሙሄ ግን «ዛሬ ማንም አይጠልቅም» አለ። የብረቱን ሲሊንደር ሲነቀንቀው ውስጡ ዝገት ተንኮሻኮሸ። «ዝገት አየሩን ይበላዋል፤ በዚህ የወረደ አይመለስም» ብሎ፣ ጠጠር ከትቶ ቀኑን ሙሉ እያንከባለለ አጠበው፤ በፀሐይም አደረቀው።

«ልጄ ውሃ ውስጥ እያደረ አንተ ዕቃ ታጥባለህ?» ብለው እትዬ ትሁነኝ ረገሙት። አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ቀጠለ። በማግስቱ፣ «አሉሚንየሙ አየሩ ሲያልቅ ይንሳፈፋል፤ ብረቱ እስከ መጨረሻው ከባድ ነው። ለመፈለግ ብረቱ፣ ለማውጣት አሉሚንየሙ» ብሎ ሁለቱንም አየር ሞልቶ ለወንድሞቹ አከፋፈላቸው።

ይመር ብረቱን አዝሎ ወረደ። ጭቃውን ረግጦ በጨለማው ሲዳስስ ሸጋውን በገዛ መረቡ ተተብትቦ አገኘው። አየሩ ሊያልቅ እስኪል ድረስ መረቡን በቢላዋ ቆረጠ። ሬሳውን ይዞ ሊነሳ ቢሞክር ብረቱ ወደ ታች ጎተተው። መንገድ ማሳያ ቀጭን ገመድ አስሮበት ባዶ እጁን ወጣ።

አራጋው ወገቡ ላይ ማስጠሚያ ድንጋይ ታጥቆ፣ አሉሚንየሙን አዝሎ ገመዱን ተከተለ። የቀረውን መረብ ፈትቶ ሬሳውን አቀፈ። ሲሊንደሩ እየቀለለ ቢሄድም ሁለት ሰው ሽቅብ ለማንሳት አልበቃም። ድንጋዩን ከጣለ ሽቅብ ተስፈንጥሮ እንደሚወጣ፣ ያም ሰውነቱን እንደሚጎዳው ያውቃል። ጣለው። ሸጋውን አቅፎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቀኝ ጆሮው አይሰማም።

ሸጋው በወግ ተቀበረ። አርባው ሲወጣ እትዬ ትሁነኝ ማሩን ይዘው መጡ።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ ይመር።

«ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ አራጋው።

«አንተስ?» አሉት ሙሄን፤ መርገማቸው ትዝ ብሏቸው አፍረዋል።

«እኔ ወንድሜን አልቀበርኩም፤ ይበቃኛል» አለ። ይበቃኛል ይበል እንጂ ዓይኑ ከማሩ ላይ አልተነሳም።

«ሦስቱንም ልጅ ያድርጓቸዋ!» የምትሉ አትጠፉም። ለእናንተ ምን ቸገራችሁ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሳቸው የማሉት ለአንድ ሰው ነው።

እትዬ ትሁነኝ ማር የነካ አውራ ጣታቸውን ዘርግተው ሦስቱ ፊት ቆመዋል። እስቲ ፍረዱ፤ ማሩን ለየትኛው ያቅምሱ?