የሰው ደጅ አበባ

ጠጠሪት የምትባለው መንደር ውስጥ ዝናብ ቢጠፋም እንኳ በብዙ ቤት በር ላይ አንዲት ቢጫ የሜዳ አበባ አትጠፋም። ስሟ «የሰው ደጅ» ነው፤ ምክንያቱም ማንም ሴት በራሷ በር ላይ አትተክላትም፣ ጎረቤቷ በር ላይ ትተክላለች፣ ጎረቤቷም የእሷ በር ላይ ትተክልላታለች። ይሄ የመጣው አንጓች በምትባል ልጅ ምክንያት ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

እንደሚነገረው፣ ያን ዓመት ዝናቡ ቀርቶ ምንጩ ጠብ ጠብ ብቻ ይል ስለነበር፣ ለአንድ ቤት በቀን የሚደርሰው አንድ እንስራ ውሃ ነበር። ዓይናቸው ለማያይላቸው ለእማማ ዝማም የምትቀዳው ጎረቤታቸው አንጓች ነበረች። ታዲያ አንድ ቀን ሜዳው ሁሉ ደርቆ ይቺ አበባ ብቻዋን ቆማ ስታያት ጊዜ፣ ነቅላ አምጥታ በቤተሰቦቿ ግቢ በር ላይ ተከለቻት፤ ለእኩዮቿም «እኛ ቤት ከሜዳው የበለጠ ታብባለች፣ ታያላችሁ» ብላ ጉራዋን ነዛች። አበባዋ ግን በሦስተኛው ቀን ጠወለገች።

«አንጓችዬ፣ ሙሽራሽ ታመመች እንዴ?» እያሉ ሳቁባት።

ሳቁ አንጀቷን አቃጠለው። በማግስቱ ከእማማ ዝማም እንስራ ላይ ቀንሳ አጠጣቻት። ቅጠሏ ገረጣ። ጠምቷት ነው ብላ ጨመረችላት፤ ባሰባት። ይቺ አበባ ውሃ ሲበዛባት ሥሯ እንደሚበሰብስ ማን ይንገራት! እንስራው ግማሽ እስኪቀር ድረስ ትቀንስ ነበር ይባላል። እማማ ዝማምም ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ እንስራውን እየዳበሱ፣ «ምንጩም እንደኔ አረጀ መሰለኝ። አንቺ ግን ተባረኪ ልጄ» ሲሏት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ጉዷን ያወጡት ዶሮዎች ናቸው። የመንደሩ ዶሮ ሁሉ እነ አንጓች በር ላይ ተሰብስቦ ጭቃ ሲጭር ሰው አየ።

«በዚህ ድርቅ ጭቃ ከየት መጣ?» አሉ።

«ልጄ የሰው ውሃ አትነካም!» ብላ እናቷ ደረቷን መታች። እማማ ዝማም ደግሞ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጥተው፣ ነገሩ ሲገባቸው ጊዜ፣ «እኔ ነኝ የሰጠኋት፤ ተዉአት» አሉ።

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

«ሰርቄያቸው ነው» አለች አንጓች፣ እናቷን ማየት አቅቷት።

ማንም አልመታትም። የበሰበሰውን ሥር በእጇ ነቅላ ጣለች፣ ከሜዳው ሌላ አምጥታ እማማ ዝማም በር ላይ ተከለች፣ ጠብታ ሳታፈስላትም በየቀኑ ሙሉ እንስራ ተሸክማ በአጠገቧ ታልፍ ጀመር። አበባዋ ስንት ቀን ደርቃ ከርማ፣ አንድ ጠዋት ፈነዳች፤ እማማ ዝማምም በጣታቸው ነክተው ሳቁ ይባላል። ሴቶቹ ጎረቤት በር ላይ መትከል የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አንጓች በር ላይም ሊተክሉላት መጥተው ነበር፤ «የኔ ይቅር» አለቻቸው። ዛሬም የዘሮቿ በር ባዶ አፈር ነው። እንግዳ ሰው «እዚህስ ለምን የለም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የመንደሩ ሰው እያወቀ ዝም ይላል፤ የቤቱ ሴት ራሷ ወጥታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «አያታችን የዓይነ ስውር ውሃ ሰርቃ ነው» እስክትል ይጠብቃታል።