ጆንያ በአፉ አይዳኝም

በአንድ ወቅት፣ የጤፍ ገበያዋ ስም ባተረፈላት አንዲት ከተማ፣ ጓንጉል የሚባሉ ጤፍ መርማሪ ነበሩ። ሥራቸው ደረጃ መስጠት ነው፤ ይሄ ማኛ፣ ይሄ ነጭ፣ ይሄ ሰርገኛ። መሣሪያቸው ደግሞ ውስጡ ክፍት የሆነ አንድ ሹል ብረት ነው። ነጋዴ ማኛውን ከላይ፣ ሰርገኛውን ከሥር አድርጎ ሲመጣ፣ ብረቱን በጆንያው ጎን ሰክተው የሥሩን ያወጡታል። «ጆንያ በአፉ አይዳኝም» ይሉ ነበር።

እሳቸው ራሳቸው ታመሙ። በበሉ ቁጥር ፊታቸው እንደ በርበሬ ይቀላል፤ ሆዳቸው በቀን ሰባት ጊዜ ያስሮጣቸዋል። አራት ዓመት አሜባ ተባለ፣ ታይፎይድ ተባለ፣ ኪኒን ተዋጠ። ገበያው ግን የራሱን ምርመራ ጨርሶ ነበር።

«ጋሽ ጓንጉል፣ ዛሬም በጠዋቱ ቀመሱ እንዴ?» ይሏቸዋል ተሸካሚዎቹ።

አረቄ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም! ሐሜቱ ቢመራቸው ሦስቱን ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «በሽታዬን ላወቀልኝ ብረቴን አወርሰዋለሁ» አሉ። ብረቱን የያዘ ሰው በገበያው ቃሉ ይታመናል፤ ስለዚህ ነገሩ ቀላል አልነበረም።

ትልቋ የሺመቤት ደብተር ያዘች። እውነቱን ለመናገር፣ እሷም አባቷን በአረቄ ጠርጥራለች፤ ደብተሩን የያዘችው ልትይዛቸው ነው። ብርጭቋቸውን እያሸተተች፣ የቀሉበትን ሰዓት እየጻፈች ሦስት ወር ተከታተለች። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ተናገረ፤ የሚቀሉት ሲበሉና ሲናደዱ ነው፣ ሲቀሉም አያልባቸውም። በጥርጣሬዋ አፍራ ደብተሩን ለሐኪም ወሰደችው። ሐኪሙም አንብቦ፣ «አረቄ አይደለም፤ ሆርሞን የሚረጭ ዕጢ ሳይሆን አይቀርም» አለ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ጉበታቸው ላይ እብጠቶች ተገኙ።

ቆይ፣ ይሄን ላስረዳ። አንጀታችን ውስጥ ሆርሞን የሚሠሩ ጥቃቅን ሴሎች አሉ። ከእነሱ የሚነሣ ዕጢ ወደ ጉበት ሲዛመት ሆርሞኑ በደም ይሰራጫል፤ ፊት የሚያቀላው፣ ሆድ የሚያስሮጠው እሱ ነው።

መካከለኛው አንለይ መንገደኛ ሆነ። ከአንጀታቸው በካሜራ እየታየ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሥጋ ተቆረጠች፤ እሷን የሚያነብ ባለሙያ ግን በከተማዋ የለም። ብልቃጧን በጋቢው ጠቅልሎ አዲስ አበባ ሊወስዳት ተነሣ። ድልድይ ተሰብሮ መኪና ቢቆም ግማሽ ቀን በእግሩ ሄደ። ይዞት የተመለሰው የውጤት ወረቀት «ከመቶ ሴል የሚባዙት ሁለት ናቸው» ይላል። ደረጃው እንዲህ ነው፦ ከሦስት በታች አንደኛ፣ ከሦስት እስከ ሃያ ሁለተኛ፣ ከዚያ በላይ ሦስተኛ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዕጢው ይፈጥናል።

«አንደኛ ነው አባዬ! ሰነፍ ዕጢ ነው!» አለ አንለይ ከደጅ ሳይገባ።

በወር አንዴ የሚወጋ መድኃኒት ተጀመረ፤ ሆዳቸው ረጋ። ወደ ገበያ ተመለሱ። ተሸካሚዎቹን፣ «የአንጀቴን ወረቀት ላሳያችሁ፣ ምቀኞች?» እያሉ ስምንት ወር ሳቁ።

ታናሿ ውድነሽ ግን ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አየች። እንደገና ሲታይ የጉበታቸው እብጠትም እጥፍ ሆኖ ተገኘ። «ሰነፍ እንዲህ አይሮጥም» አለች። «የታየው የአንጀቱ ብቻ ነው፤ ናሙና ከጉበቱ ይወሰድ።»

«ሳቁ የተመለሰለትን ሰው አትንኪው!» ብሎ አንለይ ጮኸባት። «እኔ በእግሬ ያመጣሁትን ወረቀት ልትሰርዢ ነው?»

እሷም ወደ አባቷ ዞራ፣ «አባዬ፣ ይሄ ጆንያ የተዳኘው በአፉ ነው» አለች።

ጓንጉል ብረታቸውን ከጎናቸው አኖሩ። ከዚያ፣ «ውጉኝ» ብለው ተኙ።

መርፌው ጉበታቸው ውስጥ ሲገባ ዕጢው ሆርሞኑን ባንዴ ለቀቀው። ፊታቸው ነደደ፣ የደም ግፊታቸው ወረደ፤ ሦስት ቀን ከሞት አፋፍ ላይ ቆዩ። ተረፉ፤ ግን ከአልጋ አልወረዱም። ወረቀቱ መጣ፤ ከመቶ ሃያ አራት። ሦስተኛ ደረጃ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አጠፈው። «አሁን በትክክል አወቅነው» አለ። «ለዚህ ደረጃ የሚሆነው መድኃኒት ግን እኛ ጋ የለም። ቢገኝም ይሄ ሰውነት አይችለውም።»

እነሆ፣ ብረቱ ብርድ ልብሱ ላይ ተቀምጧል። ሦስቱ ልጆች ዙሪያውን ቆመዋል።

«ሁሉም ሰካራም ሲልህ በሽታ መሆኑን ያወቅኩት እኔ ነኝ» አለች የሺመቤት።

«ወረቀቱን አምጥቼ ስምንት ወር ያሳቅኩህ እኔ ነኝ» አለ አንለይ።

ውድነሽ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «እውነቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ።

ጓንጉል ብረቱን አነሡ። ዘንበል ሲያደርጉት ከውስጡ አንዲት የጤፍ ፍሬ መዳፋቸው ላይ ወደቀች። ደጋግመው አዩዋት።

«ጤፍ ብትሆኑ ኖሮ» አሉ፣ «አውቅበት ነበር።» ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

አባትዬው ያልቻሉትን እኔም አልቻልኩም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ብረቱ ለማን ይገባል፤ ልትይዛቸው ስትከታተል በሽታቸውን ላገኘችው፣ የተሳሳተ ወረቀት አምጥቶ ስምንት ወር ሳቅ ለሰጣቸው፣ ወይስ የማያድን እውነት አውጥታ አልጋ ላይ ላስቀረቻቸው?