የዘርፌ ትከሻ

በአንድ የሯጮች ቡድን ውስጥ ምላሷም እጇም የበረታ ወጌሻ ነበረች። የአሥር ሺህ ሜትሩ ፍጻሜ ዕለት ዘርፌ የምትባለውን ሯጭ ከጠዋት ጀምራ እያሸች፣ እያሳቀች ትከሻዋን እንደ ሊጥ አለሰለሰችው።

ውድድሩ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የልዑካን ቡድኑ መሪ ቦርጫቸው ላይ በግድ የተቆለፈ ሱፍ ለብሰው ገቡ። ሰውየው በዕድሜያቸው ሮጠው የሚያውቁት ወደ ግብዣ ብቻ ነው ይባላል። ከባድ እጃቸውን ዘርፌ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉና ንግግር ጀመሩ።

«ልጄ፣ ዛሬ የአገሩ ሕዝብ በሙሉ ትከሻሽ ላይ ነው። ብትሸነፊ በምን ዓይናችን እንመለሳለን? እኔስ ለበላዮቼ ምን እላለሁ? ብቻ አደራሽን፣ እንዳትጨነቂ።»

የዘርፌ ፊት አመድ መሰለ። ሰውየውም ትከሻዋ ከእጃቸው ስር ድንጋይ ሲሆን ተሰማቸውና ወደ ወጌሻዋ ዞሩ።

«አንቺ፣ ይሄ ምንድን ነው? ከጠዋት ጀምሮ ስታሺያት የዋልሽው ይህንን ነው? ዛሬ ብትሸነፍ ከሥራሽ ትባረሪያለሽ። አሁኑኑ አፍታቺያት።»

ወጌሻዋ የእጇን ቅባት በፎጣ ጠረገችና ጎንበስ አለች።

«እሺ ጌታዬ። ሕዝቡ እንኳን ሩቅ ነው፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ነው የሚያየው። ትከሻዋ ላይ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። እስቲ ይውረዱላትና ላፍታታት።»

ዘርፌ በሳቅ ፈረሰች። ሰውየው እጃቸውን ሲያነሱ፣ ወጌሻዋ የምታፍታታው ነገር አጣች።