የአያ ጓንጉል ጥላሸት

በጋይንት በኩል አያ ጓንጉል የሚባል የጠመንጃ እንጨት ጠራቢ ነበር አሉ። ከመሮው ይልቅ ምላሱ የተሳለ ነው። ደጃፉ ላይ ቁርበት አንጥፎ ይቀመጥና ውጅግራውንም ስናድሩንም፣ አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ የሚተፋውን ሁሉ፣ እንጨቱን ከብረቱ ያስማማል። ብረቱን ጥላሸት ይቀባና እንጨቱ ላይ ያስተኛዋል፤ ሲያነሳው የጠቆረችው ቦታ ብረቱን የምትገፋ ናትና እሷን ብቻ ይፍቃል። እንጨቱ ዳር እስከ ዳር እኩል እስኪጠቁር ደግሞ ይቀባል፣ ደግሞ ይፍቃል። አገሩ ታዲያ ሲያሠራው ይለማመጠዋል፣ ሥራው ሲያልቅ «ጠይብ» ይለዋል። አይ ሰው!

አንድ ቀን ፊታውራሪ እንግዳሸት ውጅግራቸውን አሸክመው መጡ። እሳቸው ማለት በየግብሩ ፉከራ የሚቀድማቸው የሌለ፣ ገደልኩት ያሉት ጠላት ግን ስሙም መቃብሩም የማይታወቅ ጌታ ናቸው። ጓንጉል ሲቀባ ሲፍቅ፣ ሲቀባ ሲፍቅ ቢያዩ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንተ፣ ለአንድ እንጨት ይህ ሁሉ መንቀርፈፍ ምንድን ነው? እኔ ስንቱን አገር በግማሽ ቀን አስገብሬያለሁ!»

«ለዚህ ነዋ ጌታዬ፣ ሁሉም በማግስቱ የሸፈተው።»

ሥራው አልቆ ጠመንጃውን ሊያስረክብ ብድግ ሲል፣ ፊታውራሪ ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ።

«ዓይንህን ከላዬ አንሣ! የጠይብ ዓይን ሰው ይበላል።»

«አይስጉ ጌታዬ፤ እኔም ብሆን የምበላውን እመርጣለሁ።»

በመስቀል ማግስት ኢላማ ተተከለ፤ እንጨት ላይ የተሰካች ቅል። ፊታውራሪ ሦስት ጊዜ ተኮሱ። አንዷ ጥይት ገደል ገባች፣ አንዷ ወደ ሰማይ ሄደች፣ ሦስተኛዋ የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሕዝቡ ጋቢውን አፉ ላይ ጎተተ። ፊታውራሪ በርበሬ መስለው «ይኼ ጠይብ እንጨቱን አጣሞ አዋረደኝ!» አሉና ዳኛ ፊት አቆሙት። ቢረታ መሮውን ተነጥቆ ከነልጆቹ አገር እንዲለቅ ነው የጠየቁት።

ጓንጉል ያን ቀን ፈራ። ልጆቹን ይዞ የት ይገባል? ጠይብን እሰይ ብሎ የሚያስጠጋ አገር የት አለ?

ዳኛው «ጥፋቱ የእንጨቱ ከሆነ ትወጣለህ፤ የተኳሹ ከሆነ ግን ማንም አይነካህም። ምስክር አለህ?» አሉት።

«ጥላሸት አለኝ ዳኛዬ። እሱ ጌታ አያውቅ፣ ድኃ አያውቅ፤ የነካውን ያጠቁራል።»

ጠመንጃውን ፈታ፣ እንጨቱን ወልውሎ ብረቱን ቀባ፣ እንጨቱ ላይ አስተኛው፣ አነሳው። እንጨቱ ዳር እስከ ዳር እኩል ጠቁሯል። ዳኛው በጣታቸው ሳይቀር ዳሰሱት።

«የጠይብ አስማት ነው!» ብለው ጮኹ ፊታውራሪ።

ጓንጉል ጠመንጃውን መልሶ ገጣጠመና መዳፉ ላይ የቀረውን ጥላሸት ሰደፉ ላይ፣ ተኳሽ ጉንጩን በሚያሳርፍባት ቦታ ላይ፣ ልቅልቅ አደረገው። ሰደፉ ድሮም የጠቆረ ነውና ማንም ልብ አላለ።

«እንግዲያው ጌታዬ፣ ዳኛው እያዩ አንዴ ይተኩሱልኝ።»

ቅሏ እንደገና ተሰካች፤ ፊታውራሪ ተኮሱ። ቅሏ ንቅንቅም አላለች። «አያችሁልኝ!» ብለው ወደ ሸንጎው ዞሩ።

ጓንጉል እጅ ነሣና «ዳኛዬ፣ ጉንጭ የሚያርፍበትን ቦታ ጥላሸት ቀብቼው ነበር፤ እስቲ የጌታዬን ጉንጭ ይዩልኝ» አለ።

ዳኛው ጠጋ ብለው ግራ ቀኙን አዩ። የፊታውራሪ ጉንጭ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ሰው ፊት ንጹሕ ነው።

«ታዲያ ይኼ ምን ማለት ነው?» አሉ ዳኛው።

«እንጨቱና ብረቱማ ከታረቁ ሰነበቱ ዳኛዬ፤ ፊታውራሪ ናቸው ገና ከገዛ ጠመንጃቸው የሚሸሹት።»