ስሙ ሳይጠራ የቀረው ተጫዋች

አንድ መምህር ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለን ነበር። «እኛ እንደ እሱ አይደለንም» ብለን በሰላም ወደ ቤታችን በሄድን።

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ስፖርት ያስተምራል። ስሙ ተክሉ ነው። የኮሌጁን የፍሪዝቢ ቡድንም ያሠለጥናል። ፍሪዝቢ ደግሞ ምንድን ነው የምትሉ አላችሁ። ሳህን የመሰለች ፕላስቲክ ናት፤ ተጫዋቾቹ ዲስክ ይሏታል። ወንድና ሴት ተደባልቀው፣ ሰባት ሰው ከሰባት ሰው ጋር ይገጥማል። ዲስኳን የያዘ ሰው መሮጥ አይፈቀድለትም፤ ለባልንጀራው ይወረውራል። ከሜዳው ጫፍ፣ ከመስመሩ ወዲያ የቀለባት ነጥብ አገኘ። ይኸው ነው።

አሁን አስተውሉ። ሰው ሁሉ የሚያየው ማንን ነው? የቀለበውን። ዘሎ አየር ላይ የያዘውን። ለእሱ ይጮኻል፣ እሱን ፎቶ ያነሣል። ግን ያ ልጅ እዚያ ቦታ ላይ ብቻውን እንዴት ተገኘ? ተከላካዮቹ የት ሄዱ? ቦታውን ማን ባዶ አደረገለት?

ምትኩ የሚባል ተጫዋች ነበር። ምትኩ ላምቦሮ፤ ከሆሳዕና ወጣ ካለ ገጠር የመጣ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ። ሥራው መሮጥ ነው። ዲስኳ ወደማትመጣበት ወገን፣ ልክ እንደምትመጣለት ሆኖ ይሮጣል። እጁን ዘርግቶ፣ እየተጣራ፣ ከልቡ። ተከላካዮቹ አምነውት ይከተሉታል፤ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ሆነው። እነሱ ሲሄዱ ሜዳው ይከፈታል። በተከፈተው ሜዳ ያብስራ የሚባለው ልጅ ይገባል፣ ይቀልባል፣ ሕዝቡ ይጮኻል። ያን ጊዜ ምትኩ በሌላው ጫፍ ጉልበቱን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ይተነፍሳል። ትንፋሹ ሲመለስለት ቀና ይልና ለያብስራ ያጨበጭባል።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሮጠ። በሦስት ዓመት ውስጥ እሱ ራሱ ያስቆጠረው አራት ነጥብ ብቻ ነው።

ተክሉ ይህን አያውቅም ነበር? ያውቃል እንጂ! አሯሯጡን ያስተማረው እሱ ነው። ልምምድ ላይ «ምትኩ ከሌለ እኛ የለንም» ይላል። ልምምድ ላይ።

በየዓመቱ ኮሌጆቹ ተወዳድረው ሲጨርሱ፣ አሠልጣኞች ከቡድናቸው ሦስት ሦስት ኮከብ ተጫዋቾች ይመርጣሉ። ስማቸው በምርቃት ቀን በአዳራሽ፣ ወላጅና ተማሪ በተሰበሰበበት ይጠራል። ለምርጫው የሚሞላ ቅጽ አለ፤ ከስሙ አጠገብ «የተመረጠበት ምክንያት» ይላል። ለያብስራ «ሠላሳ አንድ ነጥብ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ለምትኩ ምን ይጻፍ? «ዲስክ በሌለበት ሮጠ»? የኮሌጁ ዲን አይስቅም? እናም በመጀመሪያው ዓመት ተክሉ «ለከርሞ» አለ። በሁለተኛውም ዓመት «ለከርሞ» አለ።

በሦስተኛው ዓመት ዋንጫ በሉ። ጨዋታው እንዳለቀ የተሸነፈው ቡድን አሠልጣኝ፣ ስመኝ የምትባል ሴት፣ መጥታ እጁን ጨበጠችው።

«እኛን ያሸነፈን ያ ቀጭኑ ልጅ ነው» አለችው። «ሁለት ሰው መደብኩበት፤ ሁለቱንም ይዟቸው ዞረ። ዘንድሮ እሱን ካልጠራኸው እታዘብሃለሁ፣ ተክሉ።»

«እጠራዋለሁ» አላት። ሲላት ከልቡ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ምትኩ ቢሮው መጣ። አልገባም፤ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆመ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ግባ እንጂ።»

«አይ፣ እዚሁ ይሻለኛል። አባቴ ቅዳሜ ለምርቃቱ ይመጣል። ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰው ቢያይ እንደ ጥላ ነው። ስጫወት አይቶኝ አያውቅም። መንደራችን ውስጥ ግን ‹ልጄ ለኮሌጁ ይጫወታል› እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል። እና ... ኮከብ በሉኝ ማለቴ አይደለም። መድረክ ላይ ስሜን አንዴ ቢጠሩት ይሰማል። ለዚያ ነው።» ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ ቲቸር። እንዲህ ያለ ነገር እንደማይጠየቅ አውቃለሁ።»

ወገኖቼ፣ ያ ልጅ ይህን ለመናገር ስንት ቀን ከራሱ ጋር የታገለ ይመስላችኋል?

«አይዞህ፣ አስቤበታለሁ» አለው ተክሉ።

ዓርብ ቅጹን ሊሞላ ተቀመጠ። ያብስራ፣ አይቀሬ ነው። ቃልኪዳን፣ ከሴቶቹ አንደኛ ናት። ሦስተኛው ሮቤል ወይስ ምትኩ? ሮቤል ዐሥራ ስምንት ነጥብ አለው። ሮቤል ቢቀር ይቆጣል፤ ጓደኞቹ ያጉረመርማሉ፤ እናቱ ቢሮ ድረስ ትመጣለች። ምትኩ ቢቀርስ? ምትኩ ምን ይላል? ምንም አይልም።

ዝምተኛ ሰው የሚበደለው ለዚህ ነው። እሱን መበደል አያስቸግርም።

ሮቤል ብሎ ጻፈ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። አቶ ላምቦሮ የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከልጃቸው ጎን ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ስለማይረዳቸው ፊታቸውን ዘወር አድርገው ጆሯቸውን ለመድረኩ ሰጥተዋል። ማይኩን የያዘው ተክሉ ነው።

«ያብስራ ደምሴ!» ጭብጨባ። «ቃልኪዳን ሽብሩ!» ጭብጨባ። በየስሙ መሐል ሽማግሌው እጃቸውን ከጉልበታቸው ከፍ ያደርጋሉ፤ የራሳቸው ልጅ ሲጠራ ለማጨብጨብ ተዘጋጅተው። «ሮቤል ታደገ!» ጭብጨባው አዳራሹን ናጠው። ከዚያ በረደ።

የአቶ ላምቦሮ ድምፅ በጸጥታው ውስጥ ጎላ ብሎ ተሰማ። «ምትኩ፣ ያንተ መቼ ነው?»

ምትኩ ወደ አባቱ ተጠጋ። «ጠርተውኛል እኮ፣ አባዬ። ጭብጨባው በዝቶ ነው ያልሰማኸው።»

የሽማግሌው ጆሮ ደህና ነበር። ከዚያ ሁለት እጃቸውን አነሡና፣ በዚያ ጸጥ ባለ አዳራሽ፣ ብቻቸውን አጨበጨቡ።

ተክሉ ይህን ሁሉ ሰምቷል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ማይኩ በእጁ ነው። ሁለት ቃል ነበር የሚፈለግበት፤ ምትኩ ላምቦሮ። ማን ይከለክለዋል? ቅጹ? ዲኑ? አፉን ከፈተ።

«ወደ ቀጣዩ መርሐ ግብር እንለፍ» አለ።

ተክሉ ከዚያች ቀን በኋላ በሰባተኛው ሳምንት የምትኩን ስም በትልቁ ያሠፈረ ሰርተፊኬት አሠርቶ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ መስታወት አስገብቶ በአውቶቡስ ሆሳዕና ሄደ። ከዚያ ወደ ገጠሩ ወጥቶ፣ እየጠየቀ እነ ምትኩ ቤት ሲደርስ ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሏል። አቶ ላምቦሮ ከተቀበሩ አራተኛ ቀናቸው ነበር።

ምትኩ ሰርተፊኬቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከጎኑ አስቀመጠው።

«ይቅር በለኝ» አለው ተክሉ።

«ያን ቀን እንዳልተጠራሁ አውቆ ነበር፣ ቲቸር» አለ ምትኩ። «ለእኔ ምንም አላለኝም። እዚህ መጥቶ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ ‹ጠሩት፣ በጆሮዬ ሰማሁ› ይል ነበር። እስኪሞት ድረስ። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነበር። በእኔ ምክንያት ዋሸ።»

ይህን ብሎ ተነሣና ሊያስተዛዝኑ የመጡትን ሽማግሌዎች እጅ ሊያስታጥብ ሄደ። ተክሉ ትንሽ ተቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተገናኙም።

የዚህን ታሪክ መጨረሻ ባሳምርላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን እንዲህ ነው የሆነው። ተክሉ አሁን ቅጹን በጥንቃቄ ይሞላል። ይሁን፣ መልካም ነው። ለአቶ ላምቦሮ ግን ምን ይጠቅማቸዋል?

እናንተ ቤትስ? በእናንተ መሥሪያ ቤትስ? ቆማችሁ የተጨበጨበላችሁ፣ ሜዳውን ማን ከፍቶላችሁ ነው? በልባችሁ ታውቁታላችሁ፤ አውቃችሁም ዝም ብላችኋል። «እግዚአብሔር ያየዋል» እንላለን። እውነት ነው፣ ያያል። እርሱ ስላየ እናንተ አፋችሁን እንድትዘጉ ማን ፈቀደላችሁ?

ለሌላው ከመናገሬ በፊት የራሴን ልናገር። እነዚህን የተቀመጣችሁባቸውን ወንበሮች ለዘጠኝ ዓመት በየእሑዱ ማልደው እየመጡ የደረደሩልን አንዲት እናት አሉ። ሦስት እሑድ ቀሩ፤ ታመዋል ተባለ። ልንጠይቃቸው ተነሣን፤ ቤታቸውን የሚያውቅ ጠፋ። የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎች «ስማቸው ማን ነው?» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። እኔንም አዩኝ። እኔም አላውቀውም።

እስቲ ከእናንተ መካከል ስማቸውን የሚያውቅ እጁን ያንሣ።

ከኋላ ያላችሁስ?

ማንም?