እምቢተኛው ግድግዳና ሁለቱ ለጋ አረንጓዴዎች

ተረቴን ላምጣው? እስቲ «አምጪው» በሉኝ!

ድሮ ድሮ፣ ቀለም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት እልፍኛቸውን ቀለም ሊቀቡ አሰቡ። ሁለት ጣሳ ገዝተው መጡ፤ አንዱ ለጋ ቄጠማ፣ ሌላው ለጋ ጎመን። ሁለቱም ፈዘዝ ያሉ አረንጓዴዎች ናቸው። ከየጣሳው አንዳንድ መስመር ግድግዳው ላይ ቀብተው ቢያዩ፣ መምረጥ አቃታቸው። «ከገበያ እስክመለስ ተስማምታችሁ ጠብቁኝ» ብለው ሄዱ።

መስማማት ወዴት አለ!

«እኔ እበልጣለሁ፤ ያለ እኔ ምን በዓል አለ?» አለ ቄጠማ።

«እኔ እበልጣለሁ፤ አንተን ይረግጡሃል፣ እኔን ይጎርሱኛል» አለ ጎመን።

«የምለብሰው እኮ እኔ ነኝ» አለ ግድግዳው። ማን ሰምቶት! ቀለሞቹ «ሽማግሌ ይዳኘን» ብለው እስስትን፣ ፌንጣንና አህያን አስጠሩ። ሽማግሌዎቹም ከመቀመጣቸው በፊት ተራ በተራ ግድግዳው ጥግ ሄደው ከቀለሞቹ ጋር ተንሾካሾኩ።

«ጎመን ይሁን» ብላ እስስት ፈረደች።

«የለም፣ ቄጠማ ይሁን» አለ ፌንጣ።

«ሁለቱንም ልቅመሳቸውና ልፍረድ» አለ አህያ።

«እኔስ አልጠየቅም ወይ?» ብሎ ግድግዳው ጮኸ።

እስስት አንድ ዓይኗን ወዲህ፣ አንድ ዓይኗን ወዲያ አዙራ ሳቀች። «ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ሰምቻለሁ፤ አፍ አለው ሲባል ግን አልሰማሁም!»

ግድግዳው ደሙ ፈላ። ስንቱ ሲደገፈው፣ ስንቱ ሚስማር ሲመታበት ዝም ማለቱ አንሶ!

«ጆሮዬ የሰማውን ዛሬ አፌ ይናገራል! አንቺ እስስት፣ ‹ልፍረድልህና መልክህን ለብሼ ዝንብ ላድን› ብለሽ ለጎመን አልነገርሽውም? አንተ ፌንጣ፣ ‹ከእስስት ሸሽገኝ› ብለህ ቄጠማን አልለመንክም? አንተ አህያ፣ ‹ያሸነፈውን እልሰዋለሁ› አላልክም? እምቢ! የማንም መደበቂያ፣ የማንም መኖ አልሆንም!»

ይህን ብሎ ሰውነቱን አራገፈ። ሁለቱም መስመሮች ከነልስናቸው ተቀርፈው መሬት ወደቁ። እስስት የምትለብሰው መልክ ጠፋት። ፌንጣ በመስኮት ዘሎ ወጣ፤ አህያም ጆሮውን ጥሎ ሹልክ አለ።

ወይዘሮ አስካለ ሲመለሱ ራቁቱን የቆመ ግድግዳ አገኙ። «ውይ፣ ምን ሆንክብኝ? ለመሆኑ አንተ የቱን ትወዳለህ?» አሉት።

«ይህን ጠዋት ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ እመቤቴ፣ የቱም ባማረብኝ» አለ ግድግዳው። «አሁን ግን ጭቃዬን ለብሻለሁ። ይዩኝ፣ አምሮብኛል!»

ለባሹን ሳይጠይቁ የሰፉት ልብስ ወይ ያጥራል ወይ ይረዝማል። ተረቴ ይኸው፤ ቅር ያለው ካለ ግድግዳውን ይጠይቅ።