የውሃ አባቱና የምንጯ ዓይን

አንድ የውሃ አባት ነበረ።

ልጄ፣ ጥያቄሽን ዘንግቼው አይደለም። «በሕፃናት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨረስኩ። ቅዳሜ ካባ ለብሼ ተመረቅኩ፤ ሰኞ ደግሞ ከአራት ዓመት ልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ ልቀመጥ ነው። ዘመድ ሁሉ ‹ለዚህ ነው ሁለት ዓመት የለፋሽው?› እያለ ይስቃል። የሚገርመኝ ግን የራሴ ፍርሃት ነው፤ ከመማሬ በፊት እንዲህ አልፈራም ነበር» አልሽኝ። መልሱን በዚህ ሰው በኩል ልንገርሽ።

የውሃ አባት ማለት መንደሩ ለመስኖው የሚሾመው ሰው ነው። ዛሬ ውሃው ወደ ማን ሽንኩርት ይሂድ፣ ነገ ወደ ማን ጎመን ይዙር፣ የሚወስነው እሱ ነው። ይኼኛው በዚያ ላይ ጉልበታም ነበር። ድንጋይ ተሸክሞ፣ ግንድ ጎትቶ ወንዙን ሲገድብ ያየ ሁሉ «ውሃ እሱን ይፈራል» ይል ነበር። እሱም እውነት ይመስለው ነበር።

አንድ በጋ ውሃው እየቀጠነ መጣ። አርባ ሰው ይዞ ግድቡን ከፍ አደረገ፤ ውሃው ቀጠነ። ቦዩን ጠለቅ አድርጎ አስቆፈረ፤ አሁንም ቀጠነ። የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ መድረቅ ሲጀምር ሰውየው እንቅልፍ አጣ። አንድ ጠዋት ዶማውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ ወጣ። ይህን ሁሉ ዘመን ከግድቡ በላይ ሄዶ አያውቅም፤ ሥራው ከግድቡ በታች ነበራ!

ወጣ፣ ወጣ። ወንዙ ጅረት ሆነ፤ ጅረቱ በአንድ እርምጃ የሚዘለል ሆነ፤ በመጨረሻ ተራራው ጀርባ ላይ አንዲት ምንጭ ጋ ሲደርስ አለቀ። የምንጯ ዓይን መዳፍ ብታክል ነው። አጠገቧ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው በሁለት ጣታቸው ቅጠል ያነሣሉ።

«እማማ፣ ወንዙ የታለ?»

«ይኸው።»

«ይኼማ የድመት መጠጫ ነው!»

«ድመትም ትጠጣዋለች» አሉት።

ከዚያ ቦታውን አሳዩት። ተራራው እዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላል። በምንጯ ከንፈር በቀኝ ያለፈ ውሃ ወደ መንደሩ ይወርዳል፤ በግራ ያለፈው ገደል ገብቶ በረሃ ይጠጣዋል። በመሀል ያለው አንድ ስንዝር የማይሞላ ጭቃ ነው። «ላም ረግጣው ሄደች» አሉት አሮጊቷ፤ «ግማሹ ውሃ ወደ ገደሉ አዘነበለ። ቀስ እያልኩ እየመለስኩት ነው።»

«ለዚህማ እኔ አለሁልዎት!» አለና የምንጯን ዓይን ሊያሰፋ ዶማውን አንዴ አሳረፈ።

ምንጯ ደፈረሰች። ቡልቅ አለችና ወደ ውስጥ ተሳበች። በቀኝም በግራም ጠብታ ጠፋ።

ሰውየው ጎርፍ ያውቃል፤ ድልድይ የወሰደ ውሃ አይቷል። እንዲህ ዝም ብሎ የሚሄድ ውሃ ግን አይቶ አያውቅም። የመንደሩ ቤቶች አንድ በአንድ ዓይኑ ላይ መጡበት። አሮጊቷ አልጮኹበትም፣ አልረገሙትም።

«ያንን ዶማ ራቅ አድርገህ አስቀምጥና ና ቁጭ በል።»

«ምን ላድርግ፣ እማማ?»

«ቁጭ በል አልኩህ እኮ።»

ቁጭ አለ። እሳቸው የጭቃ ፍርፋሪ በጣታቸው ይለቅማሉ፤ እሱ ትንፋሹን ውጦ ያያል። ፀሐይ ስታዘነብል አንዲት ጠብታ፣ በር ጥግ ተደብቆ እንደሚያጮልቅ ሕፃን፣ ብቅ አለች። ተመለሰች። ደግማ ብቅ አለች። ሰውየው ሳያስበው ባርኔጣውን አወለቀ።

ወደ መንደሩ መልእክት ልኮ እዚያው ቀረ፤ ሁለት ክረምት። የትኛው ሥር ዓይኗን እንደሚደግፍ፣ የትኛው እንደሚያንቃት ተማረ። ጭቃው መቼ በአውራ ጣት እንደሚጫን፣ መቼ እጅ እንደሚሰበሰብ ተማረ። እጅ መሰብሰቡ ከሁሉም ከበደው።

ሲመለስ ውሃው ሞልቶ ነበር። መንደሩ ግድቡ ላይ ተሰብስቦ «እህ፣ ምን ተማርክ?» አለው።

«ቅጠል ማንሣት።»

ሳቁ ሸለቆውን ሞላው። ከሁሉ ጉልበታም የሆነው ጎረምሳ «ሁለት ክረምት? የኔ በግ በአንድ ቀን ነው የለመደችው!» አለ። የውሃ አባቱም አብሮ ሳቀ። «በግህን ተዋትና አንተ ና» ብሎ ይዞት ወጣ።

ምንጯ ጋ ሲደርሱ «መዳፍህን እዚህ፣ በቀኝ በኩል አሳርፍ። እስክነግርህ አታንሣ» አለው። ጎረምሳው እየሳቀ አሳረፈ። ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ወደ ገደሉ ዞረ።

ከዚያ ላይ መንደሩ ሁሉ ይታያል፤ ቦዩ እንደ ክር ያብለጨልጫል። ሲቆዩ ክሩ ከላይ ጀምሮ መጥፋት ጀመረ። እንደ ጉንዳን የሚታዩት ሰዎች ከየማሳቸው ቀና ቀና አሉ፤ ወደ ቦዩ ሮጡ።

«ምን ሆኑ?» አለ ጎረምሳው።

«ውሃ ጠፋባቸው።»

«ማነው የዘጋው?»

የውሃ አባቱ ዓይኑን ጎረምሳው መዳፍ ላይ ጣለ። ጎረምሳው ፍም እንደነካ ሰው መንጭቆ አነሣት።

«እኔ እኮ ምንም ጉልበት አላወጣሁም!» አለ በሹክሹክታ። መዳፉን ገልብጦ ገልብጦ ሲያያት ቆየና «አንተ እዚህ ስትቀመጥ አትፈራም?» አለው።

«እፈራለሁ እንጂ። ዶማ ይዤ የመጣሁ ቀን ነው ያልፈራሁት።»

እንግዲህ ልጄ፣ ያ የውሃ አባት አንቺ ነሽ። በላይኛው ክፍል የሚያስተምሩት ወንዝ ይገድባሉ፤ ትልቅ ሥራ ነው፤ አርባ ሰው ይፈልጋል። አንቺን ግን ምንጯ ዓይን ጋ አስቀምጠውሻል። የአራት ዓመት ልጅ የደረደረው ቆርኪ ሲፈርስበት ቀና ብሎ የሚያየው ያንቺን ፊት ነው። ያኔ ግንባርሽን ብትቋጥሪ ወይም ፈገግ ብትይ፣ ውሃው በየትኛው በኩል እንደወረደ የሚያዩት ሃያ ዓመት ታች ያሉ ሰዎች ናቸው። ሁለት ዓመት ተምረሽ ያገኘሽው ይህንን ማየት ነው፤ ያየ ሰው ደግሞ ይፈራል። ለዘመዶችሽ «ቅጠል ማንሣት ተማርኩ» በያቸውና ይሳቁ። ሰኞ ጠዋት ብቻ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ምንጣፉ ላይ ከመውጣትሽ በፊት በሩ ላይ ትንሽ ቁሚ። ቶሎ ላስተካክል የሚለውን ዶማሽን እዚያው አስቀምጪና ግቢ።